«ማር፥ ማር፥ ማር»
(ለተማሪዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በመጀመሪያ «ማር» የሚለውን ቃል ሳታቋርጡ፥ ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ በሉልኝ። ማርማርማርማር። ጥቂት ቆይቶ ማሩ ጠፍቶ «አርም፥ አርም» የሚል ትእዛዝ አልተሰማችሁምን? ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰሚው ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሪቻርድ ዋረን አንድን ቃል በቴፕ ቀድቶ ያለ ማቋረጥ እያሰማ ይህን መረመረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ባወጣው ጽሑፍ ወጣቶችንና አረጋውያንን አነጻጽሯል። ወጣቶቹ በ3 ደቂቃ ውስጥ 30 ጊዜ ያህል ለውጥ ሲሰሙ፥ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ግን የሰሙት እጅግ ጥቂት ነው። ሲለወጥባቸውም ትርጉም ያለው ቃል ይሰማሉ እንጂ እንደ ወጣቶቹ ባዶ ድምፅ አይሰሙም። እኛ «ሽማግሌ ጆሮው ደክሟል» እንላለን፤ በዚህ ፈተና ግን አብዝተን የተሳሳትን እኛው ነን።

ምክንያቱን ዋረን እንዲህ ያስረዳል። በጫጫታ መካከል ንግግር ስንሰማ አእምሮ የሰማውን ለጥቂት ጊዜ ይዞ፥ ከሚከተለው ጋር አስተያይቶ ያርመዋል። ቃሉ ብቻውን ሲደጋገም የሚያስተያየው ስለሚያጣ ደኅናውን ያርማል። በእርጅና ይህ አራሚ ስለሚዳከም ሽማግሌው የሰማውን እንደ ሰማ ይይዛል። ወጣቱን ያሳሳተው እንግዲህ ብርታቱ ነው።

እኔ የጋይንት ልጅ ነኝና ይህን ሳነብ ቤተ ልሔም ታሰበኝ። በዚያ የድጓ ምስክር ቤት ተማሪ የመምህሩን ቃል በጆሮው ተቀብሎ ሲደጋግም ያድራል፤ ያረጁት የኔታም ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ያርሙታል። (ይህን ግን ለእርጅና ብቻ አልሰጥም፤ የኔታ ድጓውን ሙሉውን ያውቁታል።)

የራሴን ስሕተት ልናገር። ስማዳ የሚኖሩት አያቴ ስለ ልጅነታቸው ያጫወቱኝን በመቅረጫ ቀድቼ በጽሑፍ ስገለብጥ አንዲት ቃል አልጠራ አለችኝ። ያቺኑ ብቻ ቆርጬ ሃያ ጊዜ ሰማኋት። በመጨረሻ ያለ ጥርጥር «አባቴ በጠዋት ቀስቅሶ ማር ይለኝ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ሳነብላቸው አያቴ ሣቁብኝ።

«የምን ማር ነው ልጄ? ጤፉን አርም ነው እንጂ የሚለኝ! ማርስ በሰጠኝ!»

ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ስትሰወርብኝ ለብቻዋ ቆርጬ አልሰማትም፤ ነገሩን ከመነሻው አስጀምሬ እሰማለሁ፤ ያልጠራኝንም ለባለቤቱ መልሼ አነባለሁ።