አንዲት የቼክ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

«ስለ ትርጉም ሥራ ጥቂት በል» ስባል ከሠራሁት ሁሉ ትዝ ያለችኝ አንዲት ቃል ናት። ዛሬ ስለሷ ብቻ ላውራችሁ።

እንደኔ ቼኮዝሎቫኪያ የተማራችሁ «ሊቶስት»ን ታውቋታላችሁ። ሐዘን ናት፣ ርኅራኄም ናት፣ ጸጸትም ናት። ቼኮች በግሥ ሲናገሩ ችግር የለም። «ሊቱዪ ሆ» ካሉ «አዝንለታለሁ» ነው፤ «ሊቱዪ ቶሆ» ካሉ ደግሞ «በዚያ ነገር እጸጸታለሁ» ማለት ነው። በኛም እኮ «አዘነለት» እና «አዘነበት» አንድ አይደሉም፤ የምትለያቸው «ለ» ወይም «በ» ናት። «ሐዘን» ብለን በስም ስንጠራው ግን ያቺ ጠቋሚ ትጠፋለች። «ሊቶስት»ም እንዲሁ ናት። እንግሊዝኛ ግን ምረጥ ይላል፦ «ፒቲ»፣ «ሶሮው» ወይስ «ሪግሬት»? ሚላን ኩንዴራ በ1979 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በፈረንሳይኛ በወጣው «የሳቅና የመርሳት መጽሐፍ» አንዱን ክፍል በዚችው ቃል ሰይሞታል፤ በእንግሊዝኛውም ቃሏ እንዳለች ቀርታለች። ለልብ ወለድ ይሆናል። ለደብዳቤ ግን ያስቸግራል።

ከዚህ ግቢ አብሮኝ ተመርቆ አብሮኝ ፕራግ የሄደ ጓደኛ ነበረኝ። እዚያ በአንድ ስብሰባ ላይ ትምህርቱን እንዲያቋርጥ ተወሰነበት። አማካሪ መምህሩ እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ጓደኛዬ ዲግሪውን ሳይዝ ተመለሰ፣ በኋላም አሜሪካ ገባ። ካረፈ በኋላ እዚያ የተወለደች ልጁ ከመሳቢያው ውስጥ የመምህሩን ደብዳቤ አገኘች። «ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ መልስልኝ» ብላ ላከችልኝ።

ሦስት መስመር ናት። መካከለኛዋ «ያንን ስብሰባ በሊቶስት አስታውሰዋለሁ» ትላለች። እኔም «ሶሮው» ብዬ ላክሁላት። ማንንም የማይነካ ቃል ነዋ! ልጅቷ ደወለች፦ «ጋሼ፣ ሰውዬው ይቅርታ ጠይቀውታል ወይስ እንዲሁ አዝነው ነው?»

መልስ አጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስተረጉም ያቺን ጥያቄ አይቻት ነበር። ሰውዬው በግልጽ ያላሉትን ንስሐ በአፋቸው እንዳላስገባ ፈርቼ ለስላሳዋን መረጥሁ። ግን «ሶሮው»ም ምርጫ ነው። ጸጸቱን ከደብዳቤው አውጥቼ ጣልሁት፤ ልጅቷም እንደጣልሁት የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

በማግሥቱ እንደገና ጻፍሁላት። «ቃሏ ሐዘንም ጸጸትም ትሆናለች። የሚያስታውሱት ስብሰባውን ነው፣ ዝም ያሉበትን ስብሰባ፤ ስለዚህ እኔ ወደ ጸጸቱ አደላለሁ። ግን ደብዳቤው ራሱ አይለየውም» አልኋት። ትንሽ ቆይታ እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፦ «አባዬ ቼክኛ ያውቅ ነበር። እንግዲያው ሁለቱንም አንብቦ ነው ያስቀመጠው።»

መምህራን ሆይ፣ ልመናዬ ይኼው ነው። ተማሪዎቻችሁ ሁለት ፊት ያላት ቃል ስትገጥማቸው አንዱን መርጠው በዝምታ እንዳያልፉ አስተምሯቸው። ይምረጡ፣ ግድ ነው፤ ግን ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ጽፈው መምረጣቸውን ይናገሩ። ያቺን መስመር እኔ በጊዜዋ አልጻፍኋትም።