ቅሬያችን ከጎርፉ በፊት ይሰብሰብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



እኛ የላስታ ሰዎች ዝናብ ሲቀርም ሲበዛም እንፈተናለን። ሲቀር ምን እንደሚሆን የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያዩ አባቶቻችን ነግረውናል። ሲበዛ ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አፈራችንን ጠርጎ ወደ ተከዜ ይዞት ይሄዳል።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አንድ ሰው በጁሙዓ ኹጥባ መሐል ገብቶ በድርቅ መጎዳታቸውን ነገራቸው። ዱዓ አደረጉ፤ ዘነበ። በተከታዩ ጁሙዓ ግን ዝናቡ ቤት አፈረሰ፣ ንብረት አጠፋ ተባለ። እሳቸውም በሰዉ ላይ መውረዱ ቀርቶ በኮረብታው፣ በሸለቆውና ዛፍ በሚበቅልበት ሥፍራ እንዲወርድ ለመኑ። ዝናብ ራሕመት ነው፤ ቦታውን ሲስት ግን ይጎዳል። ይህን ዱዓ የሚያደርግ ሰው በእጁም ውሃውን ወደ ቦታው ይምራው። እርከን መሥራት፣ ከማሳ በላይ ቦይ መቅደድ፣ ቦረቦሩን በድንጋይ መከተር ከዱዓው ጋር የሚሄድ ሥራ ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው አስቀድሞ እንዲያስር አዘውት የለምን?

በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውሃው የወረደው ከበላዩ ካሉት ተራሮች ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ናዳ ሰዎችን ቀበረ። ሊያወጧቸው የሮጡ ጎረቤቶችም ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው፤ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ሟቾቹን «ኃጢአታቸው ነው» አንበል። በውሃ ሰጥሞ ወይም ተንዶበት የሞተን አማኝ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሸሂዶች ቆጥረውታል። ትምህርቱ ለቀረነው ነው።

እዚህ ወሎ ሰው ሲሞት ቅሬው ወዲያው ይነሳል። ማን እንደሚቆፍር፣ ማን እንደሚሸከም፣ ለሐዘንተኛው ማን ምግብ እንደሚያደርስ ሁሉም ያውቃል። ለቀብር ይህን ያህል የተዘጋጀን ሰዎች ነፍስ ለማዳን ለምን አንዘጋጅም? ስለዚህ ቅሬያችን በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሳይከብድ፣ ተሰብስቦ በሦስት ጉዳዮች ይምከር።

አንደኛ፣ በጎርፍ መውረጃና በናዳ ሥር ያሉት ቤቶች የትኞቹ ናቸው? በውስጣቸው ያሉትን አዛውንት፣ ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ማን ይዞ ወዴት ይወጣል? ናዳ ከወረደም ለእርዳታ የሚገቡት ከበላይ ያለውን ቁልቁለት የሚጠብቅ ሰው ያቁሙ።

ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያው በምን ይሰማል? በሶሐቦች ዘመን በብርድና በዝናብ ሌሊት ሙአዚኑ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ ያስታውቅ ነበር። የመስጊዳችን ድምፅ ማጉያ ከላይ ጎርፍ ሲመጣ ከታች ያለውን ያንቃ። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ጋር እንነጋገር፤ የእነሱም ደወል ይደወል። ጎርፉ በር እየመረጠ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን እህል። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በጥጋቡ ዓመታት አስቀምጠው የረሃቡን ዓመታት አሻገሩ። ኒሷብ የሞላ ሰው በዝናብ ካበቀለው አንድ አሥረኛውን፣ በድካም አጠጥቶ ካበቀለው አንድ ሃያኛውን ዘካ አውጥቶ ለባለመብቶቹ ያድርስ። ከዚያ በላይ ከየቤቱ በሰደቃ የሚመጣ አንድ ቁና በቅሬው ጎተራ ቢጠራቀም፣ ቤቱ በሌሊት የተወሰደበት ጎረቤት በማግስቱ ለልመና አይወጣም።

አላህ ዝናባችንን የራሕመት ያድርግልን፤ የሞቱትን ይማርልን፤ የተናገርነውን ለመሥራት ይወፍቀን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።