ነጐድጓድን መቍጠር

ቀዳማይ አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፣ በጨና ወረዳ ባለችው ዋጫ፣ እንደ መላው የከፋ ምድር ሁሉ፣ ዝናም ከመጋቢት አንሥቶ እስከ ጥቅምት ድረስ ሳይሰለች የሚወርድ ስለ ሆነ፣ ሕፃኑ የደመናን ጠባይ ከፊደል እኩል ሊማር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ካልዕ አቅራቢ፦ እውነት ነው፣ ወንድሜ፤ ነገር ግን መብረቅን የመዓት ምልክት ብቻ አድርገን የነገርነው ሕፃን፣ ሰማይ ባጕረመረመ ጊዜ ደንግጦ ወደ ረጅሙ ዛፍ ሥር ይሸሻል፤ ዛፉም በዚያች ሰዓት ከመጠለያ ሁሉ የከፋው ነው።

ቀዳማይ፦ እንግዲያስ ቍጥር እናስተምረው፤ ድምፅ አንዱን ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ብልጭታውን አይቶ 30 ሳይቈጥር ነጐድጓዱን የሰማ ልጅ፣ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ መሆኑን ዐውቆ ከብቶቹን ትቶ ቤት ይግባ፤ የመጨረሻው ድምፅ ካለፈ በኋላም 30 ደቂቃ ይታገሥ። ከብቶቹን ትቶ ማለቴን አባቶች ልብ ይበሉልኝ፤ ስለ ጠፋች ጥጃ የሚቈጡ ከሆነ፣ ልጁን ወደ ሜዳው የሚመልሱት እነርሱ ናቸውና።

ካልዕ፦ ሰማዩ በዋጫ ጠርቶ ሳለ በላይኛው ኰረብታ የዘነበው ወንዙን በድንገት ይሞላዋልና፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውም ልጅ ውሃው ሲደፈርስ ሳይሻገር ይቈይ ዘንድ አስቀድሞ ፈቃድ ይሰጠው። ዝናም ኰረብታንም ይንዳል፤ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሁለተኛ ናዳ ወርዶ፣ በጠቅላላው ከ200 በላይ ነፍሳት ማለፋቸውን ሳስብ፣ ልጅ ወደ ተናደው ስፍራ ለማየት እንዳይሮጥ አጥብቄ እለምናለሁ።

ቀዳማይ፦ ዛሬ ማታ ቡናው እስኪፈላ ድረስ፣ እናቲቱ ከልጇ ጋራ እስከ 30 ትቍጠር።