ኢንሱሊንና የወጣቱ የመድን ካርድ

ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊን ማምረት ስላቆመ በየቀኑ በመርፌ መተካት ግድ ይሆንበታል። መርፌው ሲቋረጥ ሰውነት ስኳሩን ትቶ ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብርቱ ጥማት፣ ማስታወክና የፈጠነ ጥልቅ ትንፋሽ ይመጣል፤ ካልታከመም ራስን መሳትና ሞት ይከተላል። ሕመሙ በብዛት የሚጀምረው በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ ነው። ኢንሱሊን ከብዙ መድኃኒቶች የሚለየው ታካሚው «ደመወዝ እስኪወጣ ልታገሥ» ሊል ስለማይችል ነው።

ወርኃዊ ፍጆታውን ማስላት አያስቸግርም። አንዱ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን 1,000 ዩኒት ይይዛል። 50 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ብዙውን ጊዜ በቀን ከ25 እስከ 50 ዩኒት ያስፈልገዋል፤ በወር ከአንድ እስከ ሁለት ብልቃጥ ማለት ነው። የተከፈተ ብልቃጥ ባብዛኛው ከ28 ቀን በኋላ ስለሚጣል፣ ትንሽ የሚወጋ ሰውም ቢሆን የተረፈውን ለቀጣዩ ወር አያሻግርም።

መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ሲገኝ ከፍሬድሪክ ባንቲንግና ከቻርልስ ቤስት ጋር የደከሙት ሳይንቲስቶች ሀብት ሊያፈሩበት አላሰቡም፤ የፈጠራ መብቱ ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ተላለፈ። በጥር 1922 መጀመሪያ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን ሂውማሎግ የሚባለው ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1996 በ21 ዶላር ገበያ ገብቶ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የአንዱ ብልቃጥ ዋጋ 275 ዶላር ገደማ ደረሰ።

የዋጋ ጣሪያ ሕጎች የተወለዱት ከዚህ ምሬት ነው። በአሜሪካ ልጅ በወላጆቹ የጤና መድን ሥር መቆየት የሚችለው 26 ዓመት እስኪሞላው ብቻ ነው። የሚኒሶታው አሌክ ስሚዝ 26 ዓመቱን ደፍኖ ከእናቱ መድን በወጣ በወሩ ውስጥ፣ ኢንሱሊኑን እየቆጠበ ሲወጋ እ.ኤ.አ. በ2017 ሞተ። የሚኒሶታ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የአስቸኳይ ኢንሱሊን ሕግ በስሙ ተሰየመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኮሎራዶ የግል መድን ያለው ሰው በወር ከ100 ዶላር በላይ እንዳይከፍል በመወሰን ከክልሎቹ ሁሉ ፈር ቀዳጅ ሆናለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ደግሞ ሜሪላንድ በ30 ዶላር፣ ቨርጂኒያ በ50 ዶላር ጣሪያ አበጅተዋል።

በመላ አገሪቱ ደረጃ ግን ወጣቱ ተዘለለ። ነሐሴ 7 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሴኔት በግል መድን ለተሸፈኑ ሰዎች የ35 ዶላር ጣሪያ እንዲደረግ በቀረበው ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጠ። 57 ደገፉ፣ 43 ተቃወሙ፤ የሚያስፈልገው 60 ስለነበር ሳያልፍ ቀረ። ያለፈው ባብዛኛው አረጋውያንን የሚሸፍነው የመንግሥት መድን ክፍል ሲሆን፣ ከጥር 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የክልሎቹ ሕግም ቀዳዳ አለው። ትልልቅ ቀጣሪዎች የሠራተኞቻቸውን ሕክምና ከራሳቸው ካዝና የሚሸፍኑበት ዕቅድ በፌዴራል ሕግ ስለሚገዛ የክልሉ ጣሪያ አይደርስበትም።

እዚህ ላይ በደንብ መለየት ያለበት ነገር አለ። እነዚህ የጣሪያ ሕጎች የሚገድቡት ታካሚው ከኪሱ የሚያወጣውን ድርሻ ነው፤ የመድኃኒቱን ዋጋ አይነኩም። የቀረውን መድን ሰጪው ይከፍላል፤ እሱም በዓመታዊ መዋጮ መልክ በሁሉም አባላት ላይ ያከፋፍለዋል። ይህ ክፉ ነገር አይደለም፤ የመድን ትርጉሙ ራሱ የአንዱን ሸክም ለብዙ ትከሻ ማካፈል ነው። ነገር ግን የመድን ካርድ ለሌለው ሰው እንዲህ ያለ ጣሪያ አንዳች አይፈይደውም። ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መጀመሪያ መነሣት ያለበት ጥያቄም ካርዱ ማን እጅ ነው የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት የመንግሥት ጤና መድን ታስቧል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ኋላ ተስፋፋ፤ የታቀደውም ለአርሶ አደሩና በከተማ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ልጅ በወላጆቹ መዋጮ የሚሸፈነው 18 ዓመት እስኪሞላው ሲሆን ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ይከፈልለታል። ደመወዝተኛው ደግሞ በማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 እንዲሸፈን ተደነገገ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271/2005 ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ ቀጣሪው ሌላ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ወሰነ። የመዋጮው ነገር ከሠራተኛው ቅሬታ ስላስነሣ፣ አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ እየተራዘመ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ።

በሁለቱ መካከል የተተወው ክፍተት ጎልቶ የሚታየው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክን በመሰለ ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ በ2006 ሥራ የጀመረው ይህ ፓርክ በልብስ ስፌትና በጫማ ፋብሪካዎቹ የሚቀጥረው ባብዛኛው ወጣት ሴቶችን ነው፤ ብዙዎቹም ከገጠር የመጡ ናቸው። አንዲት ልጅ ከትውልድ ወረዳዋ ስትነሣ የቤተሰቧን የመድን ካርድ ትታ ትወጣለች፤ ካርዱ የሚሠራው ቤተሰቡ ከተመዘገበበት ጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ነውና። ፋብሪካ ስትቀጠር ደግሞ መደበኛ ሠራተኛ ትሆናለች፤ ስለዚህ ማኅበረሰብ አቀፉ መድን የእሷ አይደለም፤ ለእሷ የታሰበው ማኅበራዊ መድን ደግሞ አልደረሰላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሕክምናውን በአሠሪው ላይ ይጥላል እንጂ የስኳር ሕመምን ለመሰለ መደበኛ ሕመም የመድኃኒት ወጪ አያስከፍለውም። አንዳንድ ቀጣሪ በፈቃዱ የቡድን የሕክምና መድን ይገዛል፤ ውሉ ግን ዓመታዊ ጣሪያ ያለው፣ ከመቀጠር በፊት የነበረን ሕመም የሚያስቀርም ሊሆን ይችላል። አሌክ ስሚዝ በ26 ዓመቱ የወደቀበት ገደል እዚህ በ18 ዓመት ይጀምራል ማለት ነው።

የችግሩ ሥር ገጠርም አለ። እነ ፕሮፌሰር ሺታዬ ዓለሙ በጎንደር ባካሄዱትና በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በብዛት ድሃ ወጣቶች፣ በተለይም ወንዶች ሆነው ተገኝተዋል፤ ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር ሊያያዝ እንደሚችልም ተጠቁሟል።

የዋጋው ነገር ከምንዛሬ ጋር የተጣበቀ ነው። ኢንሱሊን የሚገባው ከውጭ ነው። ለመንግሥት ተቋማት የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲሆን፣ በተዘዋዋሪ ፈንድ የሚሠራ ስለሆነ የገዛበትን መልሶ ማግኘት አለበት። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት ሲጠፋ ወደ ግል ፋርማሲ መሄድ ግድ ይላል፤ በዚያ ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። የኤችአይቪና የቲቢ መድኃኒት በነፃ በሚሰጥበት አገር ኢንሱሊን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለመግባቱ እንደገና መታየት ይገባዋል፤ ሦስቱም ሲቋረጡ ይገድላሉና።

ጣሪያ የሚያበጅ ሕግ ቢረቀቅ ብልቃጡን ብቻ ቢጠቅስ ጎዶሎ ይሆናል። ሲሪንጅ፣ የስኳር መለኪያና በተለይ ስትሪፕ አብረው መቆጠር አለባቸው። አንድ ስትሪፕ ለአንድ ልኬት ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚለካ ሰው በወር 90 ይጨርሳል። ብዙ ታካሚ ስትሪፑን ትቶ በግምት የሚወጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ግምቱ ምን እንደሚያስከትል የፋብሪካ ቀን ያሳያል። ጎሮ ወይም አራብሳ አካባቢ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል የተከራየች ሠራተኛ ማቀዝቀዣ ላይኖራት ይችላል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ሲኖርበት፣ የተከፈተው በእርጥብ አሸዋ መሐል በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ የአዲስ አበባ ቅዝቃዜም ያግዛል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ኤንፒኤች የሚባለውን ደመና የመሰለ ኢንሱሊን ብልቃጥ ሳትንጥ በመዳፎቿ መሐል ቀስ አድርጋ ታሽከረክረዋለች፤ ትወጋና ቁርሷን ቀምሳ ሰርቪስ ትይዛለች። ይህ ኢንሱሊን ኃይሉ መበርታት የሚጀምረው ከተወጋች ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ ምሳ በሚጠበቅበት ሰዓት ላይም እንደበረታ ነው። ትእዛዝ ተጣድፎ ምሳው ከዘገየ ስኳሯ ይወርዳል፦ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ የስፌት መኪናው መርፌ ሁለት ሆኖ ይታያታል። በኪሷ ያለ ሦስት ማንኪያ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ ያተርፋታል። የመስመሩ ሱፐርቫይዘር ምልክቱን ካወቀ አይቆጣም፤ ካላወቀ ግን ስንፍና ይመስለዋል።

ኢንሱሊን አጥታ ሆስፒታል ከተኛች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜዋን ለጨረሰች ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣታል፤ ጠቅላላው በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ግማሽ ደመወዝ በሚከፈላት ወርም ከአንድ እስከ ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን መግዛት ይኖርባታል።