ከተክለ ሃይማኖት እስከ አብያታ
(ለማኅበራችን ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ እኛ የሐይቅ ዳር ከተሞችን ለማየት አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከተክለ ሃይማኖት በአውቶቡስ ተነሣን።

ቢሾፍቱ ላይ ሆራን ከአፋፉ ቁልቁል ተመለከትን። በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ያለቀው ግድብ የፈጠረውን የቆቃን ሐይቅም በመንገዳችን አየን። ዝዋይ፣ በዛሬ ስሟ ባቱ፣ ደርሰን የተጠበሰ ቆሮሶ ከቲማቲም ጋር በላን፤ ጨዋታው ደርቶ ነበር።

አብያታ ስንደርስ ግን ሁላችንም ዝም አልን። አውቶቡሱ ከቆመበት እስከ ውኃው ድረስ በነጭ ጨው ላይ ብዙ ተጓዝን፤ የረገጥነው ሁሉ ቀድሞ ሐይቅ ነበር። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ይወርድለት የነበረው ውኃ ለመስኖ ተቀንሶበታል፤ ከራሱም ሶዳ አመድ ለማውጣት ተቀድቷል። ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ዓሣ በሊታው ፔሊካንም ወደ ሌላ ውኃ ሄደ።

ያን ጊዜ የምሳችን ቲማቲም ትዝ አለን። እሱም የመስኖ ፍሬ ነውና እኛም ከበላተኞቹ ነን።

ገበሬው መስኖ ይቅርበት አንልም። ነገር ግን ወንዝ ሲጠለፍ ለታችኛው ሐይቅ ስንት ሊተርፈው እንደሚገባ የሚያሰላ ሰው ከዚህ አዳራሽ ካልወጣ ከወዴት ይወጣል?