«ይቺ ዜሮ የት ሄደች?»

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የማኅበሩን ሒሳብ የያዝን ልጆቻችሁ በየጉባኤው የምናቀርበው ገቢና ወጪ ነው። ዛሬ ግን ስለ ፊደል እንናገራለን፤ ነገሩ መዝገባችንንም ይነካል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ሁልጊዜ በአሻራ የሚፈርሙ ነበሩ። «ልጆቼ፣ ይቺ ዜሮ የት ሄደች?» አሉን። ብናየው 150 ብር ከፍለው ደብተራቸው ላይ 15 ብለን ጽፈናል። ደረሰኙም በእጃቸው ነበር። አፈርን። ስሕተቱን ያገኘው ኦዲተር አይደለም፤ በጎልማሶች ትምህርት ቁጥር የለዩት እኒሁ እናት ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ አሻራ ለእኛ ይቀለን ነበር፤ ቀለም አስነክቶ ቀጣይዋን መጥራት ነው።

እናታችን ፊደል ሲቆጥሩ ይህ ሁለተኛቸው ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በልጅነታቸው ተምረዋል። ያ ዘመቻ ውሎ አድሮ 15 ቋንቋዎችን ያዳረሰ፣ አገራችንንም በ1980 እ.ኤ.አ. ለዩኔስኮ ሽልማት ያበቃ ነው። «ኋላ ግን የማነበው አጥቼ ፊደሉ ጠፋኝ» ይላሉ። ስለዚህ ከእንግዲህ እያንዳንዷ ተማሪ የራሷን የቁጠባ ደብተር ይዛ ትመጣለች፤ ከዚያ የበለጠ ልብ የሚስብ ንባብ አላገኘንም።

ከጉና የሚወርደው ብርድ ማታ ስለማያስቀምጥ ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ሆኗል። በ12፣ በ21 እና በ27 የለም። ለቅሶ ያለ ቀን ደግሞ መምህሯ ብቻዋን ነች፤ አንድ ቀን ሄደን ከእሷ ጋር ቡና ጠጥተን ተመልሰናል።

ሦስት እናቶች ሲቀሩብን ሰልችቷቸው ነው ብለን ስማቸውን ልንሰርዝ ነበር። ቤታቸው ሄደን ብንጠይቅ «ሰሌዳውስ ይታየኛል፤ ደብተሩ ነው የሚደበዝዝብኝ» አሉን፤ ሁለቱም ሌሎች እንዲሁ። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ የቅርቡን ማየት ይቸግራል፤ እኛ ግን አላሰብነውም። አንዷ የጎረቤት መነጽር ተውሰው «ለ»ን ከ«ሰ» ሲለዩ በዓይናችን አይተናል። ደጋፊዎቻችን ጠመኔና ደብተር ሰጥታችሁናል፤ እናመሰግናለን። ዘንድሮ የምንለምናችሁ የማንበቢያ መነጽር ነው።

የእናታችን ሒሳብ ተስተካክሏል። አሁን ግን ደብተራቸውን ሳያነቡ ከመስኮታችን አይነሡም፤ ሌሎችም ጀምረዋል። አሻራ አንከለክልም፤ ስሟን መጻፍ የያዘችውን ግን እስክትጨርስ እንጠብቃታለን። ወረፋው ይረዝማል፤ ታገሡን።