ከሥራ ከወጡ በኋላ ከቀድሞ አሠሪ ጋር
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት መካከል ቀን እየተማራችሁ ማታ የምትሠሩ ጥቂቶች እንዳልሆናችሁ እናውቃለን። አንዱ በፋሲሎ በአንድ መደብር ሒሳብ ይይዛል፤ ሌላዋ የሰው ልጅ ታስጠናለች፤ ሌላው በጣና ዳር እንግዳ ያስተናግዳል። ሥራ ስለ ማግኘት ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ሥራ ስለ መልቀቅ፥ ይልቁንም ከለቀቁ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። ሦስት ሆነን በሐይቁ ዳር ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ዐሥራ አራት ወር በአስተናጋጅነት ሠርተናል። ስሙን አንጠራም። የቤተ ሙከራው ሰዓት ከማታው ሥራ ጋር ስላልተስማማልን ባለፈው መስከረም ለቀቅን። ሁለታችን ከሠላሳ ቀን በፊት በጽሑፍ አስታወቅን፤ ሦስተኛችን ግን አንድ ማታ በተሰበረ ብርጭቆ ምክንያት ተጣልቶ፥ ሽርጡን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ወጣ። ያን ጊዜ ከሦስታችን ወንዱ እርሱ ብቻ መስሎን ነበር። አሁን እንደዚያ አናስብም።

ባለቤቱን «ጋሼ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። የመጨረሻውን ወር ደመወዝና የሥራ ልምድ ማስረጃ ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ ወንበር እንኳ ሳይሰጡን «ልጆቼ ብዬ አቅርቤያችሁ፥ ባጎረስኩ እጄን ነከሳችሁኝ!» አሉን። ገንዘቡ ለጠፉ ፎጣዎችና ለተሰበሩ ዕቃዎች ተቀናንሶ ማለቁንም ነገሩን። ማስረጃውንማ «ለከዳተኛ ወረቀት አልጽፍም» ብለው ዘጉት።

እውነቱን ለመናገር እሳቸውንም አንጠላም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት እንግዳ እንደ ልብ አልመጣም፤ ባዶ አልጋ እየቈጠሩ ማደር ለባለቤት ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ በአገራችን አሠሪና ሠራተኛ የሚለው ቃል ገና አዲስ ነው ማለት ይቻላል፤ ጌታና ሎሌ የሚለው ግን የቆየ ነው። ጌታው ያበላል፤ ሎሌው ያድራል፤ ከሄደም ከዳ ይባላል። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን ያገኘችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 የወጣውም በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሰው ልብ ግን እንደ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ አይለወጥም። ስለዚህ ጋሼ የተቆጡት በገንዘቡ ብቻ አይመስለንም፤ እንደ ልጅ ያዩት ሰው እንደ ሠራተኛ ሒሳብ ሲጠይቃቸው ቅር ብሏቸው ነው። ይሁን እንጂ ቅሬታቸው ደመወዛችንን አይከፍልም።

ታዲያ ምን አደረግን? ሁለት ሳምንት ሙሉ እየተናደድን ቡና ስንጠጣ ከረምን። በኋላ አንዲት የሕግ ተማሪ ጓደኛችን «አዋጁን አንብባችኋል?» ብላ ጠየቀችን። አላነበብንም ነበር።

ስናነበው ያገኘነው ይህ ነው። የሥራ ውል ሲቋረጥ ደመወዝና ከእርሱ ጋር የተያያዘ ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ቢያዘገይ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ደመወዝ በተጨማሪ እንዲከፍል ሊያዘው ይችላል። ነገር ግን ሠራተኛው የአሠሪውን ንብረት በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ቢቀር ጊዜው ይራዘማል። ስለዚህ ቁልፍ፥ የደንብ ልብስ፥ የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ፥ ማናቸውንም የያዛችሁትን ነገር አስፈርማችሁ መልሱ። ሁለታችን የደንብ ልብሱን ስንመልስ ጠባቂው በደብተር ላይ ፈርሞልን ነበር፤ ያች ፊርማ በኋላ ከብዙ ንግግር በልጣ ተገኘች።

ስለ ብርጭቆውና ስለ ፎጣው ደግሞ አሠሪ እንደ ወደደ ከደመወዝ ሊቈርጥ አይችልም። ሕግ፥ የኅብረት ስምምነት፥ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደለት፥ ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ መስማማት አለበት፤ በተፈቀደም ጊዜ ቢሆን የሚቈረጠው ከወር ደመወዙ ሢሶ መብለጥ የለበትም። እኛ የፈረምነው አንድም ወረቀት አልነበረም። የሥራ ውላችንስ የት ነበር? እርሱም በቃል ብቻ ነበር። ነገር ግን ውል በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም።

የሥራ ልምድ ማስረጃ የአሠሪው ችሮታ አይደለም። ሠራተኛው ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሠራ፥ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ሠራና ደመወዙ ስንት እንደ ነበር የሚገልጽ ጽሑፍ ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ከነዚህ ሦስት ነገሮች ሌላ፥ ከዳተኛ ነው፥ ቅዱስ ነው የሚል አስተያየት ሕጉ አልጠየቀም። በጣም የገረመን ደግሞ የዓመት ፈቃድ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይገባን ኖሯል፤ ሳይወሰድ የቀረውም ሥራ ሲለቀቅ በገንዘብ ይታሰባል። እኛ ግን አንድ ቀን እንኳ አላረፍንም፤ አልጠየቅንምም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጓደኛችን እንመለስ፤ ሕጉ ለእርሱ እንደ ለእኛ አልጣመውም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ክብሩን የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት ከተፈጸመበት ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላል፤ ስለ ብርጭቆ መጯጯህ ግን ከዚያ ይቈጠር እንደ ሆነ ያጠራጥራል። ያለ በቂ ምክንያት ድንገት የወጣ ሠራተኛ ከ30 ቀን ደመወዙ የማይበልጥ ካሣ ሊከፍል ይችላል። እንግዲህ ጓደኛችን ያልተከፈለው የአንድ ወር ደመወዝ አለው፥ የፈቃዱም ገንዘብ አለው፥ ጋሼም በእርሱ ላይ የሚጠይቁት ካሣ አላቸው። ቢቻቻል እንኳ የፈቃዱ ገንዘብ ይቀርለታል። ያች ሽርጥ ውድ ሽርጥ ነበረች።

ይህን ካወቅን በኋላ ወዲያው ፍርድ ቤት አልሮጥንም። ጋሼ የሚያከብሯቸውን አንድ ጎረቤታቸውን ሽማግሌ ላክን፤ አንድ ገጽ ደብዳቤም ጻፍን። በደብዳቤው ላይ ስድብ የለም፤ የሥራው ጊዜ፥ የሚቀረው ገንዘብ፥ የአዋጁ ቁጥር፥ ቀንና ፊርማ ብቻ። ሽማግሌው ቤት ሲገቡ ጋሼ ተነሥተው ተቀበሏቸው፤ የሁለታችንን ደመወዝ በሳምንቱ ከፈሉ። የመጀመሪያው ማስረጃ ደመወዛችንን ሳይጠቅስ መጣ፤ በትሕትና መልሰን ላክነው፤ ተስተካክሎ ተሰጠን። ዛሬ መንገድ ላይ ብናገኛቸው ሰላምታ እንለዋወጣለን።

ለሦስተኛችን ግን «እሱ ራሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ፥ ከዚያ እናያለን» አሉ። ሽማግሌው «እናያለን»ን ይዘው ሦስት ወር ተመላለሱ። ሽማግልናን አንነቅፍም፤ ነገር ግን የሕጉ ሰዓት ሽማግሌ ተልኳል ብሎ አይቆምም። የደመወዝና ከሥራ መልቀቅ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል፤ አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካላመነም የቃል ተስፋ ጊዜውን አያቋርጠውም።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ኅሊናችን ይወቅሰናል። ይህ አዋጅ በየቤታችን የሚያገለግሉትን እኅቶች አያቅፍም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታድር ልጅ ስትለቅ ልብሷና ገንዘቧ ሲያዝባት፥ እኛ የጠቀስነውን አንቀጽ መጥቀስ አትችልም፤ የሚቀርላት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከእኛ መካከል ወላጆቹ ቤት እንዲህ ያለች ልጅ የሌለችበት ስንት ነው? በዚያ ቤት ደግሞ አሠሪው የእኛው ወገን ነው።

የሦስተኛው ጓደኛችን ስድስት ወር ሊሞላ አንድ ወር ቀርቶታል። የዩኒቨርሲቲያችን የሕግ ትምህርት ቤት በሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማመልከቻው ተጽፏል፤ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያም አይጠየቅም። ሰኞ ጠዋት ወደ ፍርድ ቤቱ አብረነው እንሄዳለን። ተመሳሳይ ጉዳይ ያላችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ በሁለት ሰዓት ከግቢው በር ጠብቁን።